ክሊኒኩ የሰፈር፣ ሶፍትዌሩ የጋራ፦ ፋይላችሁን ማን ነው የያዘው?

አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሲታመም የት ይሄዳል? ዲሲ፣ ሲያትል ወይ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ፤ እንደ ገቢው መጠን የሚያስከፍለው የሰፈር ክሊኒክ ነው። እነዚህ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የማህበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በፈረንጆቹ 1965 ተጀምረው ዛሬ በዓመት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ያክማሉ። ብር ግን የላቸውም።

ወረቀት ሲቀር ደግሞ ነገሩ ባሰ። በ2009 የወጣው ሃይቴክ የሚባለው ህግ የታካሚ መረጃን ወደ ኮምፒውተር ለሚያዞሩ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ማበረታቻ ሰጠ። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ኤፒክን የመሰለ ውድ ሶፍትዌር ገዙ። አሥር ሐኪም ያለው ክሊኒክስ? ሶፍትዌሩን እንደምንም ቢገዛ እንኳ ሰርቨሩን፣ ባለሙያውንና ስልጠናውን ከየት ያመጣል?

መፍትሄው እድር ሆነ። ለሀዘን ብሎ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚገዛ ቤተሰብ የለም፤ እድሩ ይገዛል፣ ሁሉም በተራው ይጠቀማል። በ2000 ኦሪገን ውስጥ የተጀመረው ኦቺን የሚሠራው ይህንኑ ነው። ራሱም ለትርፍ ያልተቋቋመ ነው። የኤፒክን ሶፍትዌር ይዞ ለአባል ክሊኒኮች ያካፍላል፣ ጥገናውንና ስልጠናውን በጋራ ይሠራል። የፌዴራል መንግሥትም ክሊኒኮች ራሳቸው የሚመሯቸውን እንዲህ ዓይነት ጥምረቶች በገንዘብ ይደግፋል። ለታካሚው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ፣ ሆስፒታሉ ከዚህ ሲስተም ጋር የሚነጋገር ከሆነ ሐኪሙ የምትወስዱትን መድኃኒትና አለርጂያችሁን ያያል።

በበኩሌ ነገሩን እደግፈዋለሁ። ግን የጋራ የሆነ ነገር ሲበላሽ ሁሉም ቤት ነው የሚበላሸው። በፌብሩዋሪ 2024 ቼንጅ ሄልዝኬር ተጠለፈ። ይህ የታካሚ ፋይል የሚያዝበት ሳይሆን የክፍያ ጥያቄ ወደ ኢንሹራንሶች የሚያልፍበት መስመር ነው። ቢሆንም የአገሩ ክሊኒኮች ለሳምንታት ገንዘባቸውን ማግኘት አቃታቸው፤ ተጠባባቂ ብር የሌለው ክሊኒክ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጠላፊዎቹ የገቡበት በር ደግሞ እኛ ፌስቡክ ላይ እንኳ የምናበራው ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ያ ስልክ ላይ የሚላከው ኮድ፣ አልነበረውም። የባለቤቱ ኩባንያ ኃላፊ ይህን ለኮንግረስ ተናግሯል። 22 ሚሊዮን ዶላር መክፈላቸውንም ጭምር።

ሌላው ፍርሃት «መረጃዬ ለኢሚግሬሽን ይሰጣል ወይ?» የሚለው ነው። ከሜዳ የመጣ ፍርሃት አይደለም። በ2025 ዲሲን ጨምሮ የአንዳንድ ግዛቶች የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች መረጃ ለአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት መተላለፉ ተዘግቧል፤ ግዛቶች ፍርድ ቤት ሄደዋል። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር አናምታታ። ያ መንግሥት ራሱ የያዘው የሜዲኬይድ መዝገብ እንጂ ከክሊኒኮች የጋራ ሲስተም የወጣ ፋይል አይደለም። ፈርቶ ከክሊኒክ የቀረ የስኳር ታማሚ ግን ልዩነቱ አይታየውም። ይህን ማስረዳት ያለባቸው ክሊኒኮቹ ናቸው፣ በሚገባን ቋንቋ።

ቋንቋ ካልን አይቀር፣ ብዙዎቻችን የማናየው ነገር አለ። ፋይሉ ላይ «የሚመርጡት ቋንቋ» የሚል ቦታ አለ። እንግዳ ተቀባይዋ ቸኩላ፣ ወይ ልጅ ስለሚያስተረጉም፣ «እንግሊዝኛ» ተብሎ ይሞላል። በወረቀቱ ዘመን ያ ስህተት ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎ ይቀር ነበር። አሁን ከፋይሉ ጋር ሌላ ሐኪም ጋ ሊሄድ ይችላል፤ አስተርጓሚ የሚጠራ የለም። ክሊኒኮቹ በየዓመቱ ለመንግሥት በሚልኩት ሪፖርት ከእንግሊዝኛ ውጭ መታከም ያለባቸውን ሰዎች ቁጥር ይጽፋሉ። እንግሊዝኛ የተባለች እናት እዚያም አትቆጠርም።

ይህን ማስተካከል ከባድ አይደለም፣ ምክንያቱም ህጉ ከቦርድ አባላቱ ቢያንስ 51 በመቶው የክሊኒኩ ታካሚዎች እንዲሆኑ ያስገድዳል። የየትኛው ሲስተም አባል እንሁን፣ ምን ያህል እንክፈል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እዚያ ነው። ሐበሻ የሚበዛበት ክሊኒክ ቦርድ ላይ አንድም ሐበሻ ከሌለ ለምን ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

እስከዚያው ግን እናታችሁን ለቀጠሮ ስታደርሱ «ቋንቋ የሚለው ላይ ምን ተሞልቷል?» በሉ። እንግሊዝኛ ካለ እዚያው አስቀይሩት። በፌዴራል ህግ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላት።