ሶር ባዶ ወንዝ አይደለም

በጎሬና በመቱ ልጆች መካከል የሚዞር አንድ ሐሳብ አለ። ባስና ብሉጊል የሚባሉትን የአሜሪካ ዓሦች አምጥተን ሶር ወንዝ ውስጥ እንልቀቅ፤ ፈረንጁ ዘንጉን ይዞ ይመጣል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ሥራ ይፈጠራል፣ ምናምን። የሥራው ነገር ይገባኛል። ሐሳቡ ግን ክፉኛ የተሳሳተ ነው።

ጠቤ ከአጠማመዱ ጋር አይደለም። ከላባና ከክር ታስሮ ነፍሳት የሚመስል መንጠቆ ወርውሮ ማጥመድ ደስ የሚል ጥበብ ነው። መንጠቆው ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው በገመዱ ክብደት ነው፤ የተያዘው ዓሣም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይለቀቃል። በእነሱ ጸደይ ባስና ብሉጊል ለመራባት ወደ ዳር ስለሚወጡ ለጀማሪ ይመቻሉ። እሺ፣ ጥሩ። (በግንቦት ጎሬ ላይ ከዘንግ ይልቅ ዣንጥላ እንደሚያስፈልግ ግን እናንተው ታውቃላችሁ።)

የሚያናድደኝ "ሶር ውስጥ ምን አለና?" የሚለው ንቀት ነው። ምን አለ መሰላችሁ? በ2012 እ.ኤ.አ. የሩሲያና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋራ ስለሚባሉት የሶር ትንንሽ ዓሦች ጽፈዋል። እዚያው አንድ ወንዝ ውስጥ ስድስት ዓይነት ናቸው፦ ከንፈሩ የወፈረ አለ፣ አፉ የሰፋ አለ፣ አፉ የጠበበ አለ፣ አዳኝም አለ። የጋራ ወገን እኮ በተለምዶ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ እየፋቀ የሚበላ ነው፤ ከመካከላቸው አዳኝ መውጣቱ ብቻውን ጉድ ነው። በኋላ የተሠራ የዘረመል ጥናትም ልዩነቱ የመልክ ብቻ አለመሆኑን አሳይቷል። የጣናን ዓሦች ልዩነት ብዙ ሰው ሰምቷል፤ የሶርን ግን የመቱ ልጅ እንኳ አልሰማም።

ባስ ደግሞ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለስፖርት ተብሎ ተለቀቀ። በሐይቁ ብቻ ይኖር የነበረ አንድ ትንሽ ዓሣ ከባስና ከሌሎች መጤዎች በኋላ ጠፋ። "እዚህ ደጋ ስለሆነ አይራባም" የሚለኝ ካለ፣ ናይቫሻ ከመቱ ከፍ ይላል።

እኔ ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። ያለውን ኮድ ሳያነብ አዲስ ነገር ጭኖ ዓርብ ማታ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አያጋጥማችሁ! እኛ ግን ቢያንስ ወደ ቀድሞው ቨርዥን እንመለሳለን። የተለቀቀ ዓሣ አይሰበሰብም፤ ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ወደ ባሮ፣ ባሮ ወደ ጋምቤላ ይፈሳል። መቱ ላይ የወሰናችሁት ለጋምቤላ አጥማጅም ነው ማለት ነው። እሱን ማን ጠየቀው?

"ባሌ ላይ ከኬንያ የመጣ ትራውት ተለቆ የለም ወይ?" ትሉኛላችሁ። ተለቋል፣ ቱሪስትም ይመጣለታል። ግን ከመለቀቁ በፊት በጅረቶቹ ውስጥ የነበረውን ማን ቆጠረ?

ደግሞስ ቱሪስት ለመሳብ ባስ የግድ ነው ያለው ማነው? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች ላይ በላባ መንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚያሳድዱት የአገራቸውን ቢጫ ዓሣ ነው። የሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ ይባላል። ያው ወገን ሶር ውስጥ አለ፣ ማንም ሳያመጣው። ዘንጉና ገመዱ ይምጣ እንጂ ዓሣው አይምጣ። በጋው ገብቶ ውሃው ሲጠራ ለመጀመር የዶሮ ላባና ክር ይበቃል፤ ሁለቱም ጎሬ ገበያ አሉ።