በአንድ ጠብታ ሳላይን የሚሰጥ ፍርድ

ይድረስ በየጤና ተቋማቱ ለምትገኙ የላቦራቶሪ ኃላፊዎችና የኤአርቲ ክሊኒክ ሐኪሞች፤

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው ተቅማጥ ከወር በላይ ሲያሰቃየው የተለመደው አሠራር ይታወቃል። የሰገራ ምርመራ ይታዘዛል፣ ናሙናው በሳላይን ተበጥብጦ ይታያል፣ «ፓራሳይት አልታየም» ተብሎ ይጻፋል፣ ታካሚውም ሜትሮኒዳዞል ይዞ ይሄዳል። የምቃወመው ይህንን ነው። ሳላይን ለጃርዲያ፣ ለአሜባና ለትላትል እንቁላል ደህና ምርመራ ነው፤ የመከላከል አቅሙ በወደቀ ሰው ላይ የሚፈሩትን ተሕዋስያን ግን በቀላሉ አያሳይም። የክሪፕቶስፖሪዲየም ኦኦሲስት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ማይክሮሜትር ነው፤ ከቀይ የደም ሴል ያንሳል፣ ያለ ቀለምም ከእርሾ ለመለየት ያስቸግራል። በተሻሻለው የዚል ኒልሰን ዘዴ ሲቀባ ግን እሱ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ እርሾው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አይሶስፖራም ቀይ ነው፤ ሞላላና በጣም ተለቅ ያለ ስለሆነ ከእሱ ጋር አይምታታም። (ማይክሮስፖሪዲያ ሌላ ቀለም ስለሚፈልግ እዚህ አላነሳውም።)

«በግምት ብናክምስ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ጉዳቱ ሕክምናቸው የተለያየ መሆኑ ነው። አይሶስፖራ በየጤና ጣቢያው በሚገኘው ኮትራይሞክሳዞል ይታከማል፤ መጠኑ ግን ለመከላከያ በቀን አንዴ ከሚሰጠው 960 ሚሊግራም ይበልጣል። ክሪፕቶስፖሪዲየም ለኮትራይሞክሳዞልም ለሜትሮኒዳዞልም አይበገርም፤ ዋናው መፍትሔ የፀረ ኤችአይቪው ሕክምና ሠርቶ ሲዲ4 ከፍ ማለቱ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ከጀመረ በቆየ ሰው ላይ ሲገኝ ቫይራል ሎዱንና የመድኃኒት አወሳሰዱን ማጣራት ግድ ይላል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብም ምክንያቱ ያልታወቀ የወር ተቅማጥ ደረጃ 3 ሲሆን፣ ሥር የሰደደ ክሪፕቶስፖሪዲየም ወይም አይሶስፖራ ደረጃ 4 ነው። ግምት ይህንን ልዩነት ያጠፋዋል።

የሥራ ጫናው እውነት ነው፤ የሚመጣውን ሰገራ ሁሉ ቀለም ቀቡ የሚል ጥያቄ ፍርደ ገምድል ይሆናል። ሲዲ4 ከ200 በታች ለሆነና ተቅማጡ ለከረመበት ሰው ብቻ ይሁን። ካርቦል ፉክሲንና ሜቲሊን ብሉ ለቲቢ ምርመራ የሚገቡ ቀለሞች ናቸው፤ ማይክሮስኮፑም ያው ነው። ጂንኤክስፐርት የቲቢ የመጀመሪያ ምርመራ ከሆነ ወዲህ ግን የቀለሙ ሥራ እየቀነሰ ነውና፣ እጅ ሳይረሳው ቢያዝ ይሻላል። የታካሚው ምስጢር ይወጣል የሚለው ስጋትም ከባድ ነው፤ ሆኖም ሐኪሙ በማዘዣው ላይ «የቆየ ተቅማጥ፣ የተሻሻለ ዚል ኒልሰን» ብሎ ቢጽፍ ስለ ቫይረሱ አንድም ቃል አላወጣም።

ሐኪሞች፣ የምትፈልጉትን ዘዴ በስሙ እዘዙ። ኦኦሲስቱ በየቀኑ ስለማይወጣም በተለያየ ቀን እስከ ሦስት ናሙና ጠይቁ። የላቦራቶሪ ኃላፊዎች፣ ከእንግዲህ «አልታየም» የሚል ውጤት በየትኛው ዘዴ እንደተሠራ ሳይጻፍበት አይውጣ።