ውክልና ስትሰጪ ቤትሽን አብረሽ አትስጪ

በላባችን የሠራነው ቤት አገር ቤት በዕዳ ሲያዝ፣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ወንድም ወይም ባል በቤቱ ብድር ወስዷል፣ መክፈል አቅቶታል፣ ባንኩ ሐራጅ ሊያወጣ ነው። እኔም በሰው ቤት ሠርቼ ያለፍኩ ነኝ፤ አሁን በበጎ ፈቃድ እህቶችን ሳግዝ ይህ ጉዳይ ደጋግሞ ይመጣል። «የናቴን ልጅ እንዴት አላምንም?» ይሉኛል። እመኚው፤ ግን ማመን ሌላ፣ ወረቀት ሌላ።

ነገሩ የሚበላሸው ውክልናው ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው ቤት መሸጥም ሆነ በመያዣ መስጠት አይችልም። ብዙዎቻችን ግን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚለውን ሳናነብ እንፈርማለን። ቤቱን እንዲያከራይልሽና ግብር እንዲከፍልልሽ ብቻ ከሆነ የፈለግሽው፣ ያንኑ ብቻ አስጽፊ። ቢቀየም ይቀየም። ቅያሜ ያልፋል፤ የተሸጠ ቤት ግን በቀላሉ አይመለስም።

ቤቱ መያዙን ከሰማሽ ደግሞ በስልክ መጣላቱን ተዪና ቀኑን ቁጠሪ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ግዴታው ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ባለዕዳው ወንድምሽ ከሆነ ደብዳቤው የሚደርሰው ለሱ ነው።

ስለዚህ፦

- የምታምኚው ሰው መሬት አስተዳደር ሄዶ ቤቱ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ይጠይቅልሽ።
- ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደሽ ውክልናውን ሻሪ፤ መሻሩን ተወካዩም ባንኩም ይወቁት። የቀድሞውን መያዣ አያነሳም፣ ቀጣዩን ግን ይከለክላል።
- ካርታውን፣ የግዢ ውሉን፣ የሐዋላ ደረሰኞችን፣ የዋትሳፕና የኢሞ መልእክቶችን አስቀምጪ። ቤቱ በወንድምሽ ስም ከሆነ ደረሰኝ ብር መላክሽን እንጂ ለምን እንደላክሽ አይናገርም፤ «ለቤቱ ነው» የሚለው መልእክት ያኔ ይጠቅምሻል።
- ባለትዳር ከሆንሽ የጋብቻ ማስረጃሽን ያዢ። የጋራ ቤት በመያዣ ለመስጠት የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለሕግ ባለሙያ ስጪ። ለጠበቃ የከፈልሽው ሁሉ ይቅርብሽ ካልሽ፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለጠበቃም ቢሆን ውክልናው ለዚህ ጉዳይ ብቻ ይሁን።

በማዳም ቤት ለጠፋች ማንኪያ ስንጠየቅ ኖረናል። የራሳችንን ቤት «የት ደረሰ?» ብለን መጠየቅ ነውር አይደለም።