ሽልማቱ ለፈረሱ ነው ወይስ ለልጓሙ?

ባለፈው ዓመት የፎቶግራፍ አፍቃሪዎች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር «ፈረስ» የሚል ርእስ ሰጥቶ ውድድር አድርጎ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አማተሮች ነበሩ፤ ይኸውም ካሜራን ለእንጀራቸው ሳይሆን ለፍቅራቸው የያዙ መምህራን፥ ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ከነዚህም አንዱ ይህን የሚጽፈው ሰው ነው። የተመረጡት ፎቶግራፎች በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ለሕዝብ በታዩበት ቀን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እየተዘዋወርሁ ስመለከት፥ ሽልማት ያገኙት ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች መስለው ታዩኝ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሟል፤ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታያል፤ የዐይኑ ነጭ ተገልብጧል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ተቈልምሟል። ከሥራቸው የተጻፈው አርእስትም «ጀግንነት»፥ «ቍጣ»፥ «የማይገታ ኀይል» የሚል ነበረ።

ከአጠገቤ አንድ አረጋዊ ቆመው ነበር። በጕልምስናቸው ዘመን የጋሪ ነጂ እንደ ነበሩ በኋላ ነገሩኝ። አንደኛ የወጣውን ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ተመልክተው ወደ እኔ ዘወር አሉና፥

«ልጄ፥ ይህን እንስሳ ማን ነው እንዲህ የሚያሠቃየው?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፥ ጀግንነቱን ማሳየቱ ነው» ብዬ መለስሁላቸው።

«የምን ጀግንነት? አፉን አሞታል እንጂ! እስቲ ዛቡን እይ!»

ዛቡን አየሁ። እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ፎቶግራፍ ላይ እንደዚሁ ተወጥሯል። ዳኞቹ የፈረሱን ዐይን፥ የጋማውን መበተን፥ የአቧራውን ወርቃማ ብርሃን አይተው ነጥብ ሰጥተዋል፤ ያን ሁሉ ያመጣውን የሰው እጅ ግን አንዳቸውም ልብ አላሉትም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው፤ በፎቶግራፍ ውድድሮቻችን ስለ ፈረስ ጀግንነት እየተባለ የሚሸለመው አብዛኛውን ጊዜ የፈረስ ሕመም ነው።

ይህን ነገር ከዳኞቹ ለአንደኛው ባነሣበት ጊዜ «ፈረስ ሲጋልብ አፉን የሚከፍተው ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሰውየው ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ የሚያውቀውን ያህል ስለ ፈረስ ቢያውቅ ኖሮ ይህን ባልተናገረ። ፈረስ እንደ ሰውና እንደ ውሻ በአፉ አይተነፍስም፤ የጕሮሮው አሠራር በአፍንጫው ብቻ እንዲተነፍስ አድርጎታል። እንግዲህ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ የሚሰፋው የአፍንጫው ቀዳዳ ነው። አፉ ከተከፈተ ምክንያቱን ከሳንባው ሳይሆን ከልጓሙ ዘንድ መፈለግ ይገባል።

የልጓሙ ብረት የሚያርፈው በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ በሌለበት ክፍት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ቦታ አጥንቱን የሸፈነው ሥጋ እጅግ ስስ ነው። የአገራችን የጥንት ልጓም ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ስላለው፥ በጦር ሜዳ የሚበርን ፈረስ በአንድ ጊዜ ለመግታት የሚበቃ ብርቱ መሣሪያ ነው። በዐዋቂ እጅ ዛቡ ላላ ብሎ ይያዛል፤ ፈረሱም የጣቱን እንቅስቃሴ ብቻ ተረድቶ ይታዘዛል። ፎቶግራፍ ለመነሣት የቸኰለ ጐረምሳ ባለ በሌለ ኀይሉ ሲስበው ግን ብረቱ አጥንት ላይ ይወድቃል። እንስሳውም ከብረቱ ለመሸሽ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ የፊት እግሮቹም ከመሬት ይነሣሉ። እኛም በዚያች ቅጽበት ካሜራችንን እንተኵሳለን።

የተከፈተ አፍ ሁሉ ሕመም ነው አልልም። ፈረስ ሲያሽካካም ሲያዛጋም አፉን ይከፍታል። ጆሮውን ወደ ኋላ ያዞረ ፈረስ የተቀመጠበትን ሰው ድምፅ እያዳመጠ ይሆናል። አንዳንዱ ዝንጕርጕር ፈረስም የዐይኑ ነጭ በሰላሙ ጊዜ ሳይቀር ይታያል። ድንጕላዎችም እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ማንም ሳያዛቸው በኋላ እግሮቻቸው ይቆማሉ። ነገር ግን አፍ ተከፍቶ፥ ጆሮ ከአንገት ጋር ተጣብቆ፥ ዐይን ተገልብጦ ሳለ በመካከሉ የተወጠረ ዛብ ሲታይ፥ ይህ ፈረስ ምን ሆኗል ብሎ ለመጠየቅ የእንስሳት ሐኪም መሆን አያሻም። ካሜራ የሌላቸው የጋሪ ነጂ በአንድ እይታ ዐውቀውታል።

አንባቢ በኋላ እንዳይታዘበኝ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሦስተኛ የወጣው ፎቶግራፍ የእኔ ነው። ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ዳማ ፈረስ የተቀመጠ አንድ ወጣት አገኘሁና፥ «ወንድሜ፥ እስቲ ትንሽ አስነሣልኝ» አልሁት። ልጁም ደስ ብሎት ዛቡን ሳበ። መጀመሪያ ሲነሣ ፀሐይዋ ከደመና በታች ነበረች፤ ሁለተኛውን እኔ ዘገየሁ፤ በሦስተኛው አንድ መንገደኛ መካከላችን ገባ። አራተኛው ተሳካ። ማታ ቤቴ ገብቼ በኮምፒዩተር አጉልቼ ስመለከተው በከንፈሩ ጠርዝ ላይ ያለው አረፋ ቀላ ያለ ነበረ። ይህ ነገር ሥዕሉን ያበላሸዋል ብዬ አሰብሁና ቀዩን አጥፍቼ ነጭ አደረግሁት። በዚያች ሌሊት ያሳሰበኝ የሥዕሉ ውበት ብቻ ነበረ፤ የፈረሱ ነገር በልቤ አልመጣም። አረጋዊው «ዛቡን እይ» እስኪሉኝ ድረስም አልመጣም።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ካሜራና ፈረስ ገና ሲተዋወቁ ነገሩ የተገላቢጦሽ እንደ ነበረ ማሰብ ነው። ካሜራ ወደ ፈረስ የቀረበው የሠዓሊዎችን የተዋበ ሐሰት ለማረም ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዤሪኮ በ1821 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኤፕሶም የእንግሊዞች እሽቅድምድም ላይ የሚጋልቡ ፈረሶችን ሲሥል፥ ሁለቱን የፊት እግሮች ወደ ፊት፥ ሁለቱን የኋላ እግሮች ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ አንሳፍፏቸዋል። ሥዕሉ ውብ ነው፤ የዘመኑም ሰው ሁሉ ፈረስ እንዲያ ይሮጣል ብሎ ያምን ነበር። በ1878 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰኔ ወር ሙይብሪጅ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የሌላንድ ስታንፎርድ የፈረስ ሜዳ 12 ካሜራ በተርታ ደረደረ፤ በሜዳውም ላይ ክር ዘርግቶ ሳሊ ጋርድነር የተባለችው ፈረስ እየበጠሰች ስታልፍ ካሜራዎቹ በየተራቸው እንዲያነሡ አደረገ። ከዚህ የተገኘው ማስረጃ ዓለምን አስደነቀ። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚለቁበት ጊዜ በእርግጥ አለ፤ ያም ጊዜ እግሮቹ ከሆዱ ሥር የሚሰበሰቡበት እንጂ የሚዘረጉበት አይደለም። ሠዓሊዎቹ ተቈጡ፤ የፈረስ ውበት ጠፋ ያሉም ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን እውነቱን ተቀበሉት። እኛ ዛሬ በሰከንድ ሃያና ሠላሳ ጊዜ የሚተኵስ ካሜራ ይዘን፥ ለጥንቱ ሠዓሊ እንዲመስልልን ፈረሱን ራሱን በብረት እናጣምመዋለን።

በዚህ ክርክሬ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎችን ሰምቻለሁ። ዋናው «የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትስ? በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆመው ሐውልት ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ አይደለምን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንሥቷል። ነገር ግን ያ ፈረስ ነሐስ ነው፤ የሚቈስል ድድ የለውም። ሐውልት ሠሪ የፈለገውን አቋም ከአእምሮው አውጥቶ ይቀርጻል፤ ፎቶግራፍ አንሺ ግን በፊቱ ያልሆነውን ማንሣት ስለማይችል፥ ሕመም ያለበትን ሥዕል ለማግኘት ሕመሙን አስቀድሞ ማስደረግ አለበት። የሁለቱን ልዩነት ያልተረዳ ሰው በፎቶግራፍ ላይ ዳኛ ሆኖ ባይቀመጥ እመርጣለሁ።

ሌሎችም «ፈረስ የጀግንነታችን ምልክት ስለ ሆነ ጀግና ሆኖ መታየት አለበት» ይላሉ። አባቶቻችን ስለ ፈረስ ምን ያስቡ እንደ ነበር ከስማቸው እንረዳለን። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው ሲጠሩ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው ነበር። ሰው የገዛ ስሙን ከፈረሱ የሚወስደው ፈረሱን ከባልንጀራ ቈጥሮት ነው። ደግሞም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕሎቻችን ላይ እንኳ ዘንዶውን የሚወጋው ሰማዕቱ ነው፤ አምባላዩ ፈረስ በብዙዎቹ ላይ ዐይኑን አፍጥጦ ጸጥ ብሎ ይራመዳል። የጥንቱ ሠዓሊ በእርካቡ ውስጥ የገባችውን አውራ ጣት ሳይቀር፥ እንደ አገራችን ፈረሰኞች ልማድ፥ አስተውሎ ይሥላታል። እኛ ግን ለጥርሱ ስንቸኵል የፈረሰኛውን እግር ቈርጠን ከሥዕሉ ውጭ እንተወዋለን።

የሌላው አገር አማተርም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በደቡብ ፈረንሳይ በካማርግ ረግረግ የሚኖሩት ነጫጭ ፈረሶች ውሃ እየረጩ በፀሐይ መጥለቂያ ሲጋልቡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው በገዛ ፈቃዳቸው የሚሮጡ ይመስለዋል፤ ለፎቶግራፍ አንሺዎች ሲባል በፈረሰኞች እየተነዱ የሚመጡበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ይህ እንደ ልጓሙ የሚያሠቃይ ባይሆንም፥ ከሥሩ «ነጻነት» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው። በለንደን የሚሰጠው ታላቁ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ሽልማት ዳኞች ግን እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ አላለፉም። የ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንደኛ ሽልማት የተሰጠው በር ዘሎ ለሚያልፍ ተኵላ ነበር። ተኵላው የተገራ ሳይሆን አይቀርም ብለው ባመኑ ጊዜ፥ አንሺው ቢክድም፥ በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ሽልማቱን ነሥተውታል። የእኛ ዳኞች ከዚህ ያነሰ ድፍረት ለምን ይኖራቸዋል?

«ተቺ መሆን ቀላል ነው፤ የተሻለ ካለህ አሳየን» ለሚሉኝ መልሴ፥ ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው የሚል ነው። በኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፥ ያጌጠው ፈረስ ምንም ሳያስገድዱት ውብ ነው። ከጎኑ ራቅ ብሎ መቆም፥ ረጅም ሌንስ መያዝ፥ ካሜራውን በትከሻው ልክ ዝቅ ማድረግ፥ ከዚያም መጠበቅ ነው። ሶምሶማ ሲረግጥ እግሮቹ በሰያፍ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይነሣሉ፤ በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ያነሣ ሰው ያን ሥርዐት ያገኘዋል። አጭር ሌንስ ይዞ ከአፍንጫው ሥር የሚደቀን አማተር ግን ጭንቅላቱ እንደ በርሜል፥ ዳሌው እንደ ፍየል የሆነ ፈረስ ይዞ ይመለሳል። ደግሞም ፈረስ ከግንባሩ ፊት ለፊት ተጠግቶ የቆመውን ነገር አያይምና ያስደነግጠዋል።

በዓል እስኪደርስ መጠበቅም አያስፈልግም። በብዙ ቦታ ባጃጅ ቢተካውም የጋሪ ፈረስ በየከተማው ዛሬም አለ። በውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ግን አንድም የጋሪ ፈረስ አልተሰቀለም፤ ምክንያቱን ብጠይቅ «አያምርም» ተባልሁ። የማያምረው ትከሻው በዕቃ ስለ ተላጠ ነው፤ በዚያ ቍስል በኩልም ቆዳውን በተርታ እያሳበጠ የሚያፈርጥ የሻጋታ በሽታ ይገባበታል፤ ዝንብም ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛምተዋል። ብዙ ቤተ ሰብ ከዚህ ፈረስ ትከሻ እንጀራ ይበላል። ጤነኛ ፈረስ አሳምመን «ጀግና» እያልን ስንሸልም፥ በእርግጥ የታመመው ከሥዕል ሊገባ እንኳ አልተገባውም ማለት ነው።

የውድድር አዘጋጆች ከዳኞቹ መካከል ቢያንስ አንድ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ያስቀምጡ፤ የእንስሳት ሐኪም ካልተገኘ ጋሪ ነጂም ይበቃል። ተወዳዳሪውም ያልተነካካውን የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ከተስተካከለው ጋር አብሮ እንዲያቀርብ ይደረግ። ይህ ደንብ ባለፈው ዓመት ቢኖር ኖሮ የእኔ ቀይ አረፋ ከዳኞቹ ፊት በቀረበ ነበር።

የተሰጠኝን የሽልማት ወረቀት ምክንያቱን በደብዳቤ ገልጬ ለማኅበሩ መልሼ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ «የዓመቱ መዝገብ ስለ ተዘጋ ተመላሽ መቀበል አይቻልም» ከሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጋር ተመልሶ ደርሶኛል። የዘንድሮውም ርእስ «ፈረስ» ነው ተብሏል። እኔ የምልከው አንድ የጋሪ ፈረስ ነው፤ በቀትር ጊዜ በጥላ ሥር ቆሞ ገለባ ይበላል፤ ዛቡም በጋሪው መቀመጫ ላይ ተጥሏል።