ለከዋክብቱ ደቦ ጉልበት ብቻ ሳይሆን እውቀትም እናዋጣ

እ.ኤ.አ. በ1980 የተመረቀውና በኒው ሜክሲኮ ሜዳ ላይ ሆኖ ሰማይን የሚያዳምጠው የ«ቬሪ ላርጅ አሬይ» የሬዲዮ ቴሌስኮፕ፣ እያንዳንዳቸው 25 ሜትር ስፋት ያላቸው ሳህኖች ስብስብ ነው። ሳህኖቹን የሠራው ኢ-ሲስተምስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ሲሆን፣ ከታላላቅ ክፍሎቹ አንዱ በጋርላንድ ከተማ ይገኝ ነበር። ዛሬ በዚህችው ከተማና በአካባቢዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ በየቤታቸውም ሌሊቱን ሥራ ፈትተው የሚያድሩ ኮምፒውተሮች አሉ። እነዚህን ኮምፒውተሮች ለሥነ ፈለክ ምርምር ማዋስ ይቻላል። የእኔ አቋም ግን ማዋሱ መልካም ቢሆንም በቂ አይደለም የሚል ነው።

አሠራሩ ገበሬዎቻችን ከሚያውቁት ደቦ ብዙም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1999 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተጀመረው «ሴቲ አት ሆም»፣ በፖርቶ ሪኮ የነበረው ባለ 305 ሜትር የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የቀዳውን መረጃ 107 ሰከንድ ያህል ቅጂ በያዙ ቁርጥራጮች እየከፋፈለ ለበጎ ፈቃደኞች ያድል ነበር። ዓላማው ከምድር ውጭ ካሉ ሥልጡን ፍጡራን የተላከ ምልክት መፈለግ ሲሆን፣ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራው «አንስታይን አት ሆም» ደግሞ በ2010 በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ፑልሳር፣ ማለትም የፈነዳ ኮከብ ቅሪት፣ አግኝቷል። ግኝቱን ያስገኙት በአሜሪካ አዮዋ የሚኖሩ ባልና ሚስት እንዲሁም በጀርመን የሚኖር አንድ በጎ ፈቃደኛ ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ከባዱ ሥራ የሚመጣው አዲስ ቴሌስኮፕ አዲስ መረጃ ሲያመጣ ነው። በ2016 «ሴቲ አት ሆም» በዌስት ቨርጂኒያ ካለው ባለ 100 ሜትር የግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ የተገኘ መረጃ ማደል ሲጀምር፣ ለአሬሲቦ የተጻፈው ሶፍትዌር እንዳለ ሊያገለግል አልቻለም። የቅጂው አቀማመጥ የተለየ በመሆኑ መረጃውን የሚቆራርጠው ፕሮግራም መስተካከል ነበረበት። ከዚህም የጠለቀ ልዩነት አለ። የአሬሲቦ ሳህን ከመሬት የማይነቃነቅ ስለነበር፣ የሰማይ አካል በዕይታው ውስጥ ሲያልፍ ምልክቱ ቀስ ብሎ ይጨምርና ተመልሶ ይቀንሳል፤ ሶፍትዌሩም ይህንኑ ቅርጽ ይፈልግ ነበር። ግሪን ባንክ ግን አንድን ኮከብ እየተከተለ ስለሚዞር ያ ቅርጽ አይፈጠርም። እንግዲህ ኮዱን ማላመድ ማለት ቴሌስኮፑንና ፊዚክሱን ጠንቅቆ መረዳት ማለት ነው።

አገራችን ልትሳተፍበት የሚገባው ሥራም ይህ ነው። በ2015 የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት፤ ሁለቱም ብርሃንን እንጂ የሬዲዮ ሞገድን አይቀበሉም። ትልቅ የሬዲዮ ሳህን እስክንተክል መጠበቅ ግን የለብንም። የእነዚህ ፕሮጀክቶች መሠረት የሆነው «ቦይንክ» የተባለው ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በይፋ የተለቀቀ የቴሌስኮፕ መረጃም ሞልቷል። የባሕር ዳር ተማሪና የጋርላንድ መሐንዲስ በአንድ ኮድ ላይ አብረው መሥራት ይችላሉ።

የቴክሳስ በጋ ሙቀት በበረታበት ወቅት ኮምፒውተርን ሌት ተቀን ማሠራት የመብራት ሒሳብ ይጨምራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው እውነት ነው። «ሴቲ አት ሆም» ራሱ መጋቢት 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሥራ ማደሉን ያቆመው፣ ተመራማሪዎቹ የተከማቸውን ውጤት ወደ መተንተን ማተኮር ስለነበረባቸው ነው። አጨዳው ቢያልቅም ውቂያው ይቀራል እንደማለት ነው። ይህ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ ከማሽን ይልቅ የሚያጥረው የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ በውጭ አገር የተማርን ባለሙያዎች በወር ጥቂት ሰዓታት መድበን፣ ኮድ ማንበብና የሬዲዮ መረጃ መተንተን እዚህ ላሉ ወጣቶቻችንና በአገር ቤት ላሉ ተማሪዎች በኢንተርኔት እናስተምር። ኮምፒውተሩን ያዋሰ ሰው ስሙ በተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ ይሰፍርለታል። ኮዱን ማላመድ የተማረ ወጣት ግን ነገ እንጦጦ ላይ የራሳችን ሳህን ቢተከል፣ የሚመጣውን መረጃ የሌላ አገር ባለሙያ ሳይጠብቅ ራሱ ያነበዋል።