ቁመት፦ 1 ሜትር ከ78

ባለፈው ፋሲካ ሰቆጣ ስገባ የአክስቴ ልጅ ፍላሽ ይዞ ጠበቀኝ። «ሲቪዬን አስተካክልልኝ» አለኝ። ከፈትኩት። ሁለት ገጽ ነው። የእንስሳት ሳይንስ ዲግሪው፣ ውጤቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ (በአበርገሌ ፍየል ላይ ነው የሠራው) ሁሉም አለበት። ምኑን ላስተካክል ብለው፣ «ዲግሪውን አጥፋው። ለጥበቃ ብዙ የተማረ ሰው አይፈልጉም ብሎኛል ሰውዬው። ቁመቴን ጻፍበት» አለኝ።

ሰውዬው ደላላ ነው። ጥበቃው ዱባይ ነው። እኔም ሶፍትዌር ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝና ማጥፋት አይከብደኝም፤ የአራት ዓመት ትምህርት በሁለት ሰከንድ ጠፋ። በቦታው «ቁመት፦ 1 ሜትር ከ78» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን አዲስ አበባ ተመልሼ ሳወራ ሁለት ዓይነት መልስ ነው ያገኘሁት። አንደኛው «የተማረ ልጅ ለዓረብ ዘበኛ ሊሆን? ውርደት ነው!» የሚል። ሁለተኛው «ሥራ ክቡር ነው፣ ይሂድ» የሚል። ሁለቱም ያናድዱኛል።

ውርደት ለሚለው፦ ዘበኝነት ከመቼ ወዲህ ነው ውርደት የሆነው? በ1943 ዓ.ም ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደር የተመለመለው ከክቡር ዘበኛ ነበር። ያን ጊዜ ስሙ አላሳፈረንም። ደግሞስ እኛው ግቢ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድረው ሰውዬ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ስሙን እንኳ የማናውቀው ስንቶቻችን ነን? የአገር ክብር ትዝ የሚለን ልጁ አውሮፕላን ሲሳፈር ብቻ ከሆነ፣ ያስጨነቀን ክብሩ ሳይሆን ሰው ያየናል የሚለው ነው።

ሥራ ክቡር ነው ለሚለው ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ለክቡር ሥራ ሠራተኛው ነው እንዴ የሚከፍለው?

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ሽፋንን ወጪ የጫነው አሠሪው ላይ ነው። ለሠራተኛው የተተወለት እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት ያለው ነው። በዚያኛው በኩል ያለው የኤምሬቶች የ2021 (እ.ኤ.አ.) የሠራተኛ ሕግም የቅጥር ወጪን ከሠራተኛ መቀበል ይከለክላል። ሁለት አገር፣ ሁለት ሕግ፣ አንድ ቃል፦ ሠራተኛው አይከፍልም። አክስቴ ግን ፍየሎቿን እየሸጠች ነው። የጎደለውን ከአጎቴ ልትበደር ነው። «እንግዲህ ምን ይደረግ ልጄ፣ በር ለማስከፈት ነው» አለችኝ።

በሙያችን ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን አበላሸው?» ብለን አይደለም። የት ጋ ነው የተዘጋው እንላለን። እዚህም እንደዚያው ነው። ደላላውን መስደብ ቀላል ነው፤ መሰደብም ይገባዋል። ግን ደላላ የሚያድገው የተዘጋ በር ስር ነው።

በሩ እንዴት ተዘጋ? በ2006 ዓ.ም ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድ ታገደ፤ እገዳው የተነሳው በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጋዊው መንገድ በአብዛኛው የተጠረገው ለቤት ሠራተኛ ነው። ከሳዑዲ ጋር የተደረገው ስምምነት ራሱ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። እህቶቻችን በዚያ መንገድ ሄደው ያዩትን መከራ ሁላችንም እናውቃለን፤ መንገዱ ተጠረገ ማለት ተመቸ ማለት አይደለም። ቢያንስ ግን መንገድ አለ። ጥበቃ ልሁን፣ ሾፌር ልሁን የሚል ወንድ ልጅ ሲመጣ ግን ለእሱ ያለው መንገድ በጣም ቀጭን ነው። ያኔ ሰውዬው ብቅ ይልና «በቪዚት ትገባለህ፣ እዚያ ይቀየርልሃል» ይለዋል።

በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ዱባይ ላይ ደግሞ ጥበቃ ዝም ብሎ በር ላይ መቆም አይደለም። ከመንግሥት የጥበቃ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሥልጠናና ፈተና አለው። ስለዚህ ሰውዬው የሚሸጠው ወረቀት የሚሸጠውን ሥራ አያሠራም። ልጁ ውል የለው፣ መድን የለው፣ ደመወዙ ቢቀር የሚከስበት ወረቀት የለው።

ይህን ያህል መክፈል ያልቻለው ደግሞ በእግሩ ይሄዳል፤ በጅቡቲ ኦቦክ፣ በባሕር፣ በየመን። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል አለ። ሳዑዲ አስተባበለች። እኛም ሳምንት አወራንበትና ተውነው። ጥበቃ ልቀጠር ብሎ የወጣ ልጅ በጠባቂ ጥይት ሲወድቅ ከሳምንት በላይ ሊያስለቅሰን ይገባ ነበር።

«ለምን ኮዲንግ አይማርም?» የሚሉኝ ደግሞ የሙያ ጓደኞቼ ናቸው። በ2016 ዓ.ም መጨረሻ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ተጀምሯል፤ የሚደግፉትም ኤምሬቶች ናቸው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን ኮርሱ በኦንላይን ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዋግ ደግሞ ከዚያ በፊት ጦርነቱን አይታለች፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለውን ሕዝብ አስጠልላለች፣ ድርቅም መትቷታል። እኔ ፕሮግራመር የሆንኩት ከአክስቴ ልጅ ስለምበልጥ አይደለም። የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ ማታ ማታ ዋይፋይ ስለነበረው ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ምክሩን ለራሱ ይያዝ።

አንድ ነገር ላስታውስ። በ2007 ዓ.ም መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚባለውን ገባ፤ በ2022 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በምግብ እጥረት እንዳይቀነጭር ማድረግ ነው ግቡ። በከተማችን ስም የተሰየመ ትልቅ ቃል ነው። ይሳካ እንበል። ቃሉ የተገባ ዓመት የተወለደው ልጅ ያኔ 15 ዓመት ይሞላዋል። አልቀነጨረም፤ ቁመቱ አድጓል። ከዚያስ? ሲቪው ላይ የሚጻፍለት ያ ቁመት ብቻ ነው?

ጥበቃ ይሁኑ፤ ችግር የለብኝም። ግን በክብር ይሁኑ። ከአገሮች ጋር የሚደረገው ስምምነት ጥበቃንና ሾፌርነትን በስሙ ጠርቶ ያካት። ሥልጠናው ሰቆጣ ላይ ይሰጥ፤ ውሉም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኽምጠኛ ይነበብላቸው። ፈቃድ ያላቸው ኤጀንሲዎች ዝርዝርና ሠራተኛው የማይከፍላቸው ነገሮች በየቀበሌው በር ላይ ይለጠፉ። ይህ ቢሊዮን አይጠይቅም። ወረቀትና ሙጫ ነው።

የአክስቴ ልጅ አልሄደም፤ ገና ብሩ አልሞላለትም። ሰውዬው በየሳምንቱ ይደውልለታል። አክስቴ ጋ የቀሩት ፍየሎች አራት ናቸው።