በኬላ የተመለሰው ጆንያ

በፍራንክፈርት ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለዓመት የሚበቃትን በርበሬ አሰናድታ ለመመለስ ባለፈው ጥር መጥታ ሳለ፣ እናታችን በበረንዳው ላይ ሰሌን አስነጥፈው፣ ዛላውን ከፊታቸው ከምረው፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ አቀርቅረው ሲቀነጥሱ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ከዛላው አንዱን፣ ከውጭ ሲያዩት ቀይነቱ የሚያብረቀርቀውን፣ ሰንጥቀው ቢከፍቱት፣ ፍሬው ሁሉ አመድ በመሰለ አረንጓዴ ሻጋታ ተሸፍኖ ተገኘ። እናቴም ምንም ሳይናገሩ ወደ ግቢው ወረወሩት። እህቴ ፈገግ ብላ፣ «እማዬ፣ እኛ አገር ይህን የሚመረምረው እኮ መሣሪያ ነው» ብትላቸው (እኛ አገር ያለችው ጀርመንን ነው)፣ «ለእናንተስ መሣሪያ አለላችሁ፤ እኔ ማን አለኝና እጄን ላሳርፍ?» አሏት።

የእናቴ ቃል ለጨዋታ የተነገረ ቢመስልም ሐተታ የሚገባው ነው። አፍላቶክሲን የተባለው የዚህ ሻጋታ መርዝ በሊቃውንት ዘንድ ሊታወቅ የቻለው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ታላላቅ ዶሮዎች ባልታወቀ ደዌ አልቀው፣ መኖአቸው ቢመረመር ከብራዚል በመርከብ የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ በመገኘቱ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ከጥንስሱ የኬላ ነገር ነበረ ማለት ይቻላል። መርዙ ጉበትን የሚያውክ፣ ውሎ አድሮም ለካንሰር የሚዳርግ፣ በማመስም ሆነ በመቀቀል የማይጠፋ በመሆኑ፣ የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬና በመሰል ቅመሞች ውስጥ በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ይህም ለአንድ ኩንታል 1 ሚሊግራም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ደንብ ደግሞ የኢትዮጵያ ቅመማ ቅመም፣ በርበሬያችንም ጭምር፣ ስለዚሁ መርዝ የጠበቀ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምግቦች መዝገብ ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን። መርዙ በጭነቱ ሁሉ እኩል የማይሰራጭ፣ በአንድ ጆንያ ጥግ ባሉ ጥቂት ዛላዎች ብቻ ተሸሽጎ ሊቀመጥ የሚችል ስለ ሆነ፣ መርማሪዎቹ ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት ዘግነው፣ ፈጭተውና አዋሕደው ይመዝኑታል። ከልክ ያለፈው ይወገዳል፤ ወይም ወደ መጣበት ይመለሳል።

አንዳንድ ነጋዴዎች ይህን የድሀ አገር ሸቀጥ ማስቀሪያ ዘዴ ነው ሲሉ ሰምቼአለሁ። እኔ ግን ሕዝቡን ከደዌ ለመጠበቅ በደጁ ላይ ዘበኛ ያቆመ መንግሥት ቢመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም ባይ ነኝ። (በነጋድራሶቹ ዘመን የእኛም ኬላ ብርቱ ነበር፤ ይጠይቅ የነበረው ግን የእህሉን ጤንነት ሳይሆን ቀረጡን ነው።) የሚያሳስበኝ ያ የተመለሰው ጆንያ ከመርከብ ከወረደ በኋላ የሚገባበት ቤት ነው። ለውጭ ገበያ አይበቃም የተባለ በርበሬ በሰፌድ ላይ ሲታይ ከሌላው ስለማይለይ፣ ለአገር ገበያ እንዳይበቃ የሚከለክለው ማን ነው? ደግሞስ መመለሱን መጠበቅ ለምን አስፈለገን፤ ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ እየተባለ በየመጋዘኑ ውሃ ሲርከፈከፍበት፣ ሻጋታውን በገዛ እጃችን እየዘራነው አይደለምን?

ወተቱም ከዚህ አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ የዚሁኑ መርዝ ዘር ሲያገኝ፣ በአውሮፓው ልክ ቢለኩ የሚያልፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ ዋናው ምክንያትም ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ እንደ ሆነ ተገልጿል። ፋጉሎው የተገዛው ከጎረቤት መጭመቂያ ስለ ሆነ፣ የባሕር ማዶ ኬላ ለዚህ ምን ሊረዳን ይችላል?

እህቴ በሻንጣዋ የያዘችው፣ መንገደኛ ለራሱ ቤት የሚወስደው ስንቅ ከዚያ ሁሉ ቁጥጥር ነጻ በመሆኑ፣ በፍራንክፈርት ማንም ሳይመረምረው ያልፋል፤ የእርሷ መርማሪ ሰሌኑ ላይ የተቀመጡት እናቴ ናቸው። እርሳቸውም ሦስት ቀን ሙሉ የቀነጠሱትን፣ ያስደለዙትንና ፀሐይ ላይ ያሰጡትን አሥራ አምስት ኪሎ ይዘን ወፍጮ ቤት በሄድን ጊዜ፣ ተራችን ደርሶ ባለ ወፍጮው ቋቱን ሊሞላ ሲል እጁን ያዙትና ወደ ወፍጮው አፍ አጎንብሰው፣ ከእኛ በፊት ከተፈጨው የቀረውን ዱቄት በጣታቸው ጠርገው አሸተቱት።

«ይህ የማን በርበሬ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ እማማ፤ ሰው ያመጣውን ነው የምፈጨው» አላቸውና ሞተሩን አስነሣው።